ከምክር ወደ ታሪክ፤ የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ሕይወትና የመምህሩ ሥራ

ዕጩ መምህራን ለማስተማር ልምምድ ወደ ደሴና ወደ ኮምቦልቻ ትምህርት ቤቶች ከመውጣታቸው በፊት አንድ ጥያቄ በየመኝታ ክፍሉም በመምህራን ማረፊያም መነሣቱ አይቀርም። ለመሆኑ ሕፃን ልጅ እውነተኛ፣ ታታሪና ለሰው አዛኝ እንዲሆን የሚያደርገው ምንድን ነው? ምክር ነው? ቅጣት ነው? ወይስ ጥሩ ታሪክ? አንዳንዱ ጠባይ ከቤት ይመጣል፤ መምህር ምን ያደርጋል ይላል። ሌላው ደግሞ ሰሌዳ ላይ ጽፎ ማስጠናት ነው ባይ ነው።

ይህን ጥያቄ ከመቶ ዓመት በፊት አንሥተው ዕድሜያቸውን ሙሉ መልስ ሲፈልጉለት የኖሩ አንድ ኢትዮጵያዊ ነበሩ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ይባላሉ። ብዙዎቻችን ስማቸውን የምናውቀው በፈተና ላይ ነው፤ የመጽሐፉን ስም ከደራሲው ስም ጋር አዛምድ ሲባል። ሰውየው ግን ከዚህ የበለጠ ነገር አላቸው። ስለዚህ በዛሬው ዕትማችን ሕይወታቸውን ባጭሩ እንተርክና ለእኛ ለመምህራን የሚሆነውን ስንቅ እናወጣለን።

ልጅነትና ትምህርት

ኅሩይ የተወለዱት በ1870 ዓ.ም. በሸዋ፣ በመርሐቤቴ አውራጃ፣ ደን በተባለ ስፍራ ነው። ኅሩይ ማለት በግዕዝ የተመረጠ ማለት ነው። በዚያን ዘመን ዛሬ እኛ የምናውቀው ዓይነት ትምህርት ቤት በአገሩ አልነበረም። ልጅ የሚማረው ከየኔታ እግር ሥር ቁጭ ብሎ ነበር። ፊደል ይቆጥራል፣ ዳዊት ይደግማል፣ ከዚያ ዜማውን፣ ቅኔውንና የመጻሕፍት ትርጓሜውን ይከተላል። ኅሩይም በዚሁ መንገድ አልፈው የቤተ ክህነቱን ትምህርት ጠንቅቀው አወቁ፤ ወደ እንጦጦም መጥተው በራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ተምረዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። የቆሎ ትምህርት ቤት ጠባይን ከፊደል ለይቶ አያስተምርም ነበር። ልጁ የሚያነበው ራሱ የምግባር መጽሐፍ ነው። ለምኖ መብላቱ፣ ለታላቁ መታዘዙ፣ ለታናሹ ማስጠናቱ ሁሉ የትምህርቱ ክፍል ነበር። ለዚህም የእኛው አገር ወሎ ቀደምት ምስክር ናት። ከደሴ በስተሰሜን በሚገኘው በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ በ13ኛው ምዕተ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዓ ደቀ መዛሙርት ሰብስበው ያስተምሩ ነበር። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከእርሳቸው ዘንድ እንደተማሩ ይነገራል። በሌላ በኩል ደግሞ የወሎ ሼሆች በየመስጊዱና በየሐድራው ደረሳ ሰብስበው ቁርኣኑንና ኪታቡን ያስተምሩ ነበር፤ ኪታብ ማንበብ ለማይችለው ሕዝብም በአማርኛ መንዙማ ጠባይን ያስተምሩት ነበር። ስለዚህ ጠባይን በግጥምና በታሪክ ማስተማር ከውጭ የመጣ ፈሊጥ አይደለም፤ ከጦሳ ሥር ሲሠራበት የኖረ ሙያ ነው።

ወደ ቤተ መንግሥትና ወደ ውጭ ዓለም

ኅሩይ በብዕራቸው ታውቀው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ መንግሥት ሥራ ገቡ። በ1903 ዓ.ም. የእንግሊዝ ንጉሥ ጆርጅ 5ኛ ዘውድ ሲጭኑ፣ ኢትዮጵያን ወክሎ ወደ ለንደን ከሄደው መልእክተኛ ጋር ተጓዙ። የቤተ ክህነት ልጅ የነበሩት ሰው ባቡሩን፣ ፋብሪካውን፣ ትምህርት ቤቱንና ማተሚያ ቤቱን በዓይናቸው አዩ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1904 ዓ.ም.፣ በኢትዮጵያ የሚገኙትን መጻሕፍት ስም የሚዘረዝር መጽሐፍ አወጡ። እስቲ አስቡት፤ አገሬን ለማሳደግ ከየት ልጀምር ብለው ሲያስቡ መጀመሪያ ያደረጉት፣ ቤታችን ውስጥ ምን መጽሐፍ አለን ብሎ መቁጠር ነው። አዲስ ትምህርት ቤት የሚመደብ መምህርም መጀመሪያ ማድረግ ያለበት ይህንኑ ነው።

ከዚያ በኋላ ሹመቱ ተከታተለ። የአዲስ አበባን ማዘጋጃ ቤት መርተዋል። ብላቴን ጌታ የተባለውን ማዕረግ አገኙ። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ መኰንን አውሮፓን ሲጎበኙ አብረው ሄዱ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከነገሡ በኋላም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ። በ1924 ዓ.ም. መልእክተኛ ሆነው ወደ ጃፓን ተጓዙ፤ ሲመለሱም ያዩትን ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን በሚል መጽሐፍ ለሕዝብ አቀረቡ።

ይህ ሁሉ ሥራ እያለባቸው ከ20 በላይ መጻሕፍት ጽፈዋል። በቀን የመንግሥት ሥራ፣ ከዚያ በኋላ ብዕር። ጊዜ የለኝም ለምንል ሰዎች ይህ ራሱ ትምህርት ነው፤ አይደለም እንዴ?

የመጀመሪያው ዘዴ፤ ምክር

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን እንምጣ። በ1910 ዓ.ም. ለልጅ ምክር ለአባት መታሰቢያ የተባለውን መጽሐፋቸውን አወጡ። በዚያን ጊዜ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ገና ጨቅላ ነበር። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከተከፈተ 10 ዓመት ያህል ብቻ ሆኖት ነበር፤ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትም የተከፈተው ከዚያ በኋላ በ1917 ዓ.ም. ነው። ልጆች በአማርኛ የሚያነቡት ለእነርሱ የተጻፈ መጽሐፍ ከቁጥር የሚገባ አልነበረም።

የዚህ መጽሐፍ ዘዴ ቀላል ነው። አባት ልጁን ከፊቱ አስቀምጦ ይመክራል። ይህን አድርግ፣ ያንን ተው ይላል። የመጽሐፉ ስምም ሁለት ጉዳይ ይዟል፤ ለልጁ ምክር ነው፣ ለአባቱ ደግሞ መታሰቢያ። አባት ለልጁ የሚተወው ርስት መሬትና ከብት ብቻ እንዳልሆነ፣ ቃልም ርስት እንደሆነ ያሳያል።

ምክር መጥፎ ነው አንልም። ምክር የሌለበት ቤት ምሰሶ የሌለው ጎጆ ነው። ነገር ግን ምክር አንድ ችግር አለው። ልጁ ሰምቶ እሺ ይላል፤ ከዚያ ይሮጣል። እሺ ማለቱ ገባው ማለት አይደለም። አትዋሽ የሚለውን ቃል የማያውቅ ሕፃን የለም፤ የሚዋሽበትን ቀን ግን ምክሩ አብሮት አይቆምም። ክፍል ውስጥ የግብረ ገብ ደንቦችን ሰሌዳ ላይ ጽፎ ያስጠና መምህር ይህን ያውቀዋል። ልጆቹ በፈተና 10 ከ10 ያመጣሉ፤ በዕረፍት ሰዓት ደግሞ ደካማውን ልጅ ይገፉታል።

ሁለተኛው ዘዴ፤ የሰው ሕይወትና ምሳሌ

ኅሩይ በዚህ ብቻ አልቆሙም። በ1915 ዓ.ም. ገደማ መንገዳቸውን ሲያሰፉ እናያቸዋለን። አንደኛው የሕይወት ታሪክ የተባለው መጽሐፋቸው ነው። በኋላ ዘመን ለሚነሡ ልጆች ማስታወቂያ እንዲሆን ብለው የቀደሙ ሰዎችን ታሪክ ባጭር ባጭሩ አሰባሰቡ። እዚህ ላይ ምክሩ ሥጋ ለበሰ። ጎበዝ ሁን በማለት ፈንታ፣ እገሌ እንዲህ ያለ ሰው ነበር ተባለ።

ሁለተኛው ወዳጄ ልቤ ነው። ይህ የሰውን ጠባይና ኑሮ በምሳሌ የሚገልጽ መጽሐፍ ነው። የሥነ ጽሑፍ ተመራማሪዎች ከእንግሊዛዊው ከጆን ቡንያን የክርስቲያን መንገደኛ ታሪክ ጋር ያዛምዱታል፤ ያም መጽሐፍ ከዚያ በፊት ወደ አማርኛ ተተርጉሞ ነበር። በወዳጄ ልቤ ሰው ከገዛ ልቡ ጋር ይነጋገራል። ይህ ለመምህር ትልቅ ነገር ነው። ጠባይ የሚፈተነው ሌላ ሰው በሚያይበት ቦታ አይደለም፤ ሰው ብቻውን ሆኖ ከልቡ ጋር ሲሟገት ነው። ስለዚህ ልጅን ከልቡ ጋር መነጋገር ማስለመድ ከማስፈራራት ይሻላል።

ሦስተኛው ዘዴ፤ ልብ ወለድ

በአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ጦቢያ ሲሆን በ1900 ዓ.ም. ሮም ታትሟል። ኅሩይም ይህን መንገድ ተከትለው በ1923 ዓ.ም. የልብ አሳብ የተባለውን አወጡ። የብርሃኔንና የጽዮን ሞገሳን ጋብቻ ይተርካል። በዚያ ዘመን ሕፃን ልጅን ለሸመገለ ሰው መዳር የተለመደ ነበር። ኅሩይ ይህን በአዋጅ ሳይሆን በታሪክ ተቃወሙት፤ በዕድሜ የሚመጣጠኑ፣ የተማሩና የሚከባበሩ ሁለት ወጣቶችን አግብተው ሲኖሩ አሳዩ። ያለ ዕድሜ ጋብቻ በክልላችን ገጠሮች ልጃገረዶችን ከትምህርት ገበታ ማፈናቀሉን ያላቆመ ችግር ነው። ታዲያ ይህ መጽሐፍ አርጅቷል ማለት ይቻላል?

ከሁሉ የሚታወቀው ግን በ1925 ዓ.ም. የወጣው አዲስ ዓለም ነው። ርእሱ የቅኖችና የደግ አድራጊዎች መኖሪያ የሚል ተጨማሪ አለው። አወቀ የተባለ የተጉለት ልጅ ለትምህርት ጓጉቶ ወደ አውሮፓ ይሄዳል፤ ተምሮም ይመለሳል። ችግሩ የሚጀምረው ሲመለስ ነው። ያገሩ ልማድና የተማረው ነገር ይጋጩበታል፤ ስለ ጋብቻ፣ ስለ ድግስ፣ ስለ ተዝካር ከዘመዶቹ ጋር ይከራከራል። አወቀ አገሩን ንቆ አይሸሽም፤ ልማዱንም ዝም ብሎ አይቀበልም። ወገኑን ሳይጠላ ጎጂውን ለመለወጥ ይታገላል።

እንግዲህ ልዩነቱን እንይ። በ1910ሩ መጽሐፍ አባት ይናገራል፣ ልጅ ያዳምጣል። በ1925ቱ መጽሐፍ ልጁ ራሱ አድጎ መንታ መንገድ ላይ ቆሟል፤ አንባቢውም አብሮት ቆሟል። በ15 ዓመት ውስጥ የአንድ መምህር ዘዴ እንዲህ ተለወጠ። ጠባይ በትእዛዝ ብቻ እንደማይተከል፣ ልጁ በሌላ ሰው ጫማ ገብቶ ምን ባደርግ ይሻላል ብሎ ሲያስብ ሥር እንደሚሰድ ሥራቸው ይመሰክራል።

መከራና ስደት

ፋሺስት ኢጣሊያ በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ሲወር የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ኅሩይ ነበሩ። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ንጉሠ ነገሥቱ ደሴ ላይ ሰፍረው ሳለ የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ከተማችንን በቦምብ ደበደቡ፤ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታል እንኳ አልተረፈም። ኢትዮጵያ ለመንግሥታት ማኅበር ብዙ ጊዜ አቤት አለች፤ ሰሚ ግን አልተገኘም። በሕግና በቃል ኪዳን አምነው የኖሩት ሰው ዓለም ቃሉን ሲበላ አዩ።

ያን ጊዜ በኅትመት ላይ የነበረው የኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፋቸው ጦርነቱ ደረሰበትና ለአንባቢ እንደታሰበው ሳይዳረስ ቀረ። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ውጭ ሲወጡ ኅሩይም ተሰደዱ። መኖሪያቸው በእንግሊዝ አገር ባዝ በተባለች ከተማ፣ ፌርፊልድ በተባለው ቤት ሆነ። በስደት ሳሉም መርዶ መጣ። ልጃቸው ፈቃደ ሥላሴ ኅሩይ፣ በእንግሊዝ አገር የተማረና ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር የተሰለፈ ወጣት፣ በ1929 ዓ.ም. በፋሺስቶች እጅ ተገደለ። የአዲስ ዓለምን አወቀ የሚመስል፣ ተምሮ ተመልሶ አገሩን ያገለገለ ልጅ ነበር።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ መስከረም 9 ቀን 1931 ዓ.ም. በዚያው በባዝ ከተማ በ60 ዓመታቸው አረፉ። ነጻነትን አላዩም። አጽማቸው ከነጻነት በኋላ ወደ አገሩ ተመልሷል። ሌላው ልጃቸው ሲራክ ኅሩይ፣ እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1759 የጻፈውን የራስ ሴላስን ታሪክ ወደ አማርኛ ተረጎሙት። ያም ደስታን ፍለጋ የሚንከራተት የኢትዮጵያ መስፍን ታሪክ ነው። ጠባይን በታሪክ የማስተማሩ ሥራ ከአባት ወደ ልጅ ተላለፈ ማለት ነው።

እንከኑንም እንናገር

ሰውን ስናመሰግን እንከኑን መደበቅ ለመምህር አያምርም። ኅሩይ ሲተርኩ አንዳንዴ ታሪኩን አቁመው ይሰብካሉ። ደጉ ሰው በጣም ደግ ይሆንና ከእኛ ይርቃል። ሕፃን ደግሞ ብልጥ ነው፤ ሊመክሩኝ ነው ሲል ጆሮውን ይዘጋል። በተጨማሪም የቤተ መንግሥት ሰው ስለነበሩ መታዘዝን እንደ ትልቅ ምግባር ያዩታል። እኛ ግን ታዛዥነት ብቻውን ጥሩ ጠባይ እንዳልሆነ ከታሪካችን ተምረናል፤ ክፉ ትእዛዝንም የሚፈጽም ታዛዥ አለና።

ሦስተኛ ጉዳይ አለ። መጻሕፍታቸው ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት የተቀዱ ናቸው። በደሴና በኮምቦልቻ ክፍል ውስጥ ግን የመሐመድ ልጅና የገብረ ማርያም ልጅ በአንድ ዴስክ ይቀመጣሉ። ስለዚህ መምህሩ መርጦ ማስተማር፣ ከሁለቱም ቤት የሚመጣውን ታሪክ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይገባዋል።

ከክፍል ውስጥ እንዴት እንሥራበት?

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አወቀ ስለ ተዝካር ከዘመዶቹ ጋር የተከራከረበትን ክፍል መምህሩ በቀላል አማርኛ ይተርክላቸው። ዘመድ ሁሉ ትልቅ ድግስ ካልተደገሰ ሙቱ ተዋረደ የሚልበት ቦታ ላይ ሲደርስ ግን ያቁም። መልሱን አይናገር። አወቀን ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ ብሎ ይጠይቅ።

ያን ጊዜ ክፍሉ ይንቀሳቀሳል። የክርስቲያኑ ልጅ የአያቱን ተዝካር ያነሣል፤ የሙስሊሙ ልጅ የቤታቸውን ሰደቃ ያነሣል። ለድግስ ተበድሮ የቸገረው ጎረቤት ይወሳል። አንዷ ደግሞ ለድሀ የበላው እህል አልባከነም ብላ ትከራከራለች። ልክ ናት፤ ድግስ ለጉራ ሲሆንና ለድሀ ሲሆን ይለያያል። እነሆ ልጆቹ ለሙታን ክብር፣ ለሕያዋን ኃላፊነት፣ ለዘመድ ፍቅር፣ ለገንዘብ ጥንቃቄ በአንድ ጊዜ እየመዘኑ ነው። ጠባይ ማለት ይህ ሚዛን ነው። ከታሪኩ ምን ተማራችሁ ብሎ መጨረሻ ላይ አንድ መስመር ከማስጻፍ ይህ በብዙ ይበልጣል።

ሁለተኛ፣ ልጆቹ ከቤታቸው ታሪክ ያምጡ። የኮምቦልቻ ፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ የአባቱን የሥራ ባልደረባ ታማኝነት ይተርክ። የገጠሩ ልጅ አያቱ ማታ ከእሳት ዳር የነገረችውን የጦጣና የአንበሳ ተረት ያምጣ። ኅሩይ የቀደሙ ሰዎችን ሕይወት እንዳሰባሰቡ፣ አንድ ክፍልም በዓመት ውስጥ የራሱን ትንሽ የሕይወት ታሪክ መጽሐፍ በደብተር ወረቀት ሊያዘጋጅ ይችላል። ወጪው ክርና መርፌ ብቻ ነው።

ሦስተኛና ዋናው መምህሩ ራሱ ነው። ስለ ሰዓት አክባሪነት ታሪክ አንብቦ ዘግይቶ የሚገባ፣ ስለ ርኅራኄ ተርኮ በዱላ የሚያስፈራራ መምህር፣ ልጆቹ የሚያነቡት መጽሐፉን ሳይሆን እርሱን ነው። የኅሩይ ቃል ክብደት ያገኘው ሰውየው ሲያነቡ፣ ሲሠሩና አገር ሲያገለግሉ ስለታዩ ነው።

መደምደሚያ

ደሴና ኮምቦልቻ ከኅሩይ ዘመን በኋላም ጦርነት አይተዋል። በ2014 ዓ.ም. በደረሰው ጦርነት ነዋሪው ተፈናቅሏል፣ ንብረትም ወድሟል። በክፍላችን የምናገኛቸው ልጆች ብዙዎቹ ያን ያዩ ወይም ከወላጆቻቸው የሰሙ ናቸው። ለእነዚህ ልጆች ደግ ሁኑ ብሎ መናገር ቀላል ነው፤ ክፉ ነገር ካዩ በኋላ ደግነት ለምን እንደሚያዋጣ ማሳየት ግን ከባድ ነው። ለዚህ ነው ታሪክ የሚያስፈልገው። ታሪክ ልጁን ክፉውንም ደጉንም አሳይቶ፣ ምርጫውን ለራሱ ይተውለታል።

እንግዲህ ዕጩ መምህራን፣ ለልምምድ ስትወጡ ከትምህርት ዕቅዳችሁ ጋር አንድ ጥሩ ታሪክ ያዙ። ተረት ተረት ብላችሁ የላም በረት ሲሏችሁ፣ መቶ ዓይን እናንተ ላይ ያርፋል። ከዚያ በኋላ ያለው የእናንተ ሥራ ነው። መልካም የማስተማር ልምምድ!